ለአንድ ካሴት የተሠራ ሣጥን

ሰሞኑን እዚህ ጂቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶች የግቢ በር እያሠሩ ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት ብረት የሚሞርዱት ሰዎች ቀድመውኝ ሥራ ጀምረው አገኛቸዋለሁ። የሞረዱ ድምፅ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። እኔ ግን ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። የተሞረደ ብረት ሽታ አለው፤ ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። ሞቅ ያለ ነው፣ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል፣ ምላስ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የፀረ ዝገት ቀለም ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ አበቃልኝ። ያን ጊዜ እኔ ሆዳን ውስጥ አይደለሁም። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ብናኝ ይዤ፣ ሃያብለ የሚባለው ሰፈር አንድ በያጅ ቤት፣ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ፊት ቆሜያለሁ።

ባለቤቴ ይስቅብኛል። "የሰው ሚስት ሽቶ ይናፍቃታል፤ የእኔዋን ዝገት" ይላል። ይሳቅ። እሱ አባቴን አልደረሰበትም።

አባቴ የሐረር ሰው ነበር። በወጣትነቱ በባቡር ጂቡቲ ወርዶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ፤ እዚያው ሸበተ። እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ስለነበረ እኛም ቤት ውስጥ ያደግነው በአማርኛ ነው። ከደጅ ስንወጣ ሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ቁርዓን ቤት ዓረብኛ። የአባቴ ሐረሪኛ በዚህ ሁሉ መሀል መቀመጫ አላገኘም። እሱም ላስተምራችሁ አላለም፣ እኛም አስተምረን አላልነውም። ቤታችን ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ከጎረቤት የሚለየን አንድ ሳንቃ ብቻ። አንዱ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ከሌላው ቤት "ይርሐሙከላህ" ይባላል።

እኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የአባቴ ጆሮ እየደከመ ሄደ። ድንገት አልነበረም። መጀመሪያ የሻይ ቤቱን ጫጫታ ወቀሰ፣ ቀጥሎ ቬንቲሌተሩን፣ በመጨረሻ "ምን ያንሾካሹካችኋል?" እያለ እኛን መቆጣት ጀመረ። አልሰማም ማለት ግን ለእሱ ሞት ነበር። ነጋዴ ነዋ! ገዢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚከራከርበት ገበያ ውስጥ የማይሰማ ነጋዴ መሳለቂያ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀ። ያልሰማውን ነገር ሁሉ በፈገግታ ይቀበላል። ራሱን ይነቀንቃል፣ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ጨርቁን ይዘረጋል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይሠራለት ነበር። ለካ ሰው ግማሹን ወሬ የሚያወራው መልስ ፈልጎ አይደለም።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሐረር ነበረች። መጻፍ አትችልም፤ ስልክ አትወድም። ካሴት ግን ትወድ ነበር። ዛሬ በሞባይል ድምፅ እየቀዳን እንደምንላላከው፣ ያኔ በድሬዳዋና በጂቡቲ መካከል በባቡር የሚመላለሱ ነጋዴ ሴቶች በጓዛቸው መሀል የሰው ካሴት ይዘው ይመጡ ነበር። ከዘመድ ልጆች አንዱ ቴፑን ይከፍትላትና ይሄዳል፤ እሷ ብቻዋን ትቀመጥና ታወራለች። ወሬዋ ግን እንደሌላው ሰው አልነበረም። ልጇ ፊቷ የተቀመጠ ያህል ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። መልሱን ትጠብቃለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ፣ በር ሲንኳኳ፣ እሷም ስትተነፍስ ይሰማል። መልሶልኛል ብላ ስታስብ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች።

አባቴም ጆሮው ደህና በነበረ ጊዜ ቴፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እሷ ዝም ባለችበት ቦታ ሁሉ ቀስ ብሎ ይመልስላት ነበር። ልጅ ሳለሁ "አባቴ ከሣጥን ጋር ያወራል" እያልኩ ለጓደኞቼ እነግራቸው ነበር። የሚባባሉት ባይገባኝም መስማቱን እወደው ነበር። አንዷ ሐረር አንዱ ጂቡቲ መሆናቸው ይረሳኛል።

የመጨረሻው ካሴት ሲመጣ አባቴ የሚሰማው ቀርቦ የጮኸበትን ሰው ብቻ ነበር። ያመጣችው ነጋዴ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላው ነበር። ተቀበላት፣ መረቃት፣ ካሴቱን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። አልከፈተውም። እናቴ ስትጠይቀው "ረጋ ብዬ እሰማዋለሁ" ይላል። ሸሚዝ ሲቀይር ካሴቱም ኪስ ይቀይራል። ድምፁን ለቆ እንዳይከፍተው ከሳንቃው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን የሐረር ሴት ናት፤ አንድ ቃል አያመልጣትም። አባቴ ደግሞ የእናቱን ድምፅ መንገድ ላይ የሚያሰጣ ሰው አልነበረም። ሌላ ሰው ሰምቶ በጆሮው እንዳይነግረው ቤት ውስጥ ሐረሪኛዋን የሚያውቅ የለም። ካሴቱ ኪሱ ውስጥ ቆየ።

አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች መጡ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በማለዳ ይመጣል፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፣ በለሆሳስ ይነገራል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጫማቸውን ሲያወልቁ አኳኋናቸውን ሳይ ገባኝ። አባቴ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣቸው። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ስለ ዱንያ አላፊነት፣ ስለ አላህ ውሳኔ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ። በመጨረሻም እናቱ ሐረር ላይ ማረፏን ነገሩት።

አባቴ ፈገግ አለ። ራሱን ነቀነቀ። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ "ሻይ አምጡ እንጂ!" ብሎ ተጣራ።

ያን ሰዓት እስክሞት አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳቸውም መድገም አልደፈሩም። የወጣችው እናቴ ናት። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ አፏን ጆሮው ላይ ደቀነችና "እናትህ ሞተች!" ብላ ጮኸች። አልገባውም። ደግማ ጮኸች። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከአባቴ ልቅሶ በፊት ከሳንቃው ማዶ የጎረቤታችን ዋይታ ተሰማ። እንደዚያ ያለ መርዶ አይቼ አላውቅም፤ ማንም እንዲያይ አልመኝም።

ለቅሶው አለቀና ሰው ተበተነ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ አባቴ ጠራኝ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር። ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

"አልሰማም" አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "እዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩሽ ነገር ለዚህ ይሆናል?"

"ይሆናል፣ አባ!" ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ። ይሁን አይሁን ግን አላወቅሁም ነበር።

የአባቴ ጆሮ ጨርሶ አልሞተም ነበር። ድምፅ ቀርቦ፣ ጎልቶ፣ ጥርት ብሎ ከመጣለት ይይዛል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የጆሮ ማዳመጫና ድምፁን የሚያጎላ አምፕሊፋየር ነበር። ማዳመጫውን ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አገኘሁ፤ ወደ አገሩ የተመለሰ የፈረንሳይ ወታደር የሸጠው፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫ። አምፕሊፋየሩን በትምህርት ቤት በተማርነው ንድፍ ራሴ በስታኞ እየበየድኩ ሠራሁት። ክፍላችን ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ስለነበርኩ ወንዶቹ "ሩዝ ይቀቅላል?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ምላሴ አጭር አልነበረም፤ "የእናንተን ጭንቅላት ይቀቅላል" እላቸው ነበር።

የሠራሁትን በአንድ የፕላስቲክ የብስኩት ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። ድምፅ አወጣ፤ እንዲያውም ብዙ። ግን ዝዝዝ ይላል። ካርቲዬ ዱ ውስጥ የመብራት ሽቦ በየጣሪያው ተጠላልፎ ነው የሚያልፈው። በየቤቱ ቬንቲሌተር ይዞራል፤ ትንሽ ያለው ደግሞ መስኮቱ ላይ ክሊም ሰክቶ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ከዚያ ሁሉ የሚመጣውን ጩኸት አያግድም። የሰፈሩን መብራት በሙሉ አብሬ አጉልቼው አረፍኩት። ማዳመጫውን ስታደርጊው ራስሽን ንብ ቀፎ ውስጥ የከተትሽ ነው የሚመስልሽ።

አባቴ በአሮጌ የመንዙማ ካሴት ሞከረው። ትንሽ ቆይቶ አወለቀው።

"ይሰማል፣ አባ?"

"ይሰማል። ግን ዝም አይልም" አለኝ። "ሰውየው ሲያቆም እንኳ ዝም አይልም።"

ለመንዙማ ቢሆን ግድ አልነበረም። የአያቴ ካሴት ግን ግማሹ ዝምታ ነው። ዝም ያለችበትን ቦታ ካላወቀ እንዴት ብሎ ይመልስላታል? "የመጨረሻዋ ነው፤ እንዲህ ሆኜ አልሰማትም" አለና ካሴቱን ወደ ኪሱ መለሰው። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የፈራሁት። እሱም እየደከመ ነበር፣ ጆሮውም እየባሰበት ነበር፤ ዛሬ የሚሰማውን ከጥቂት ወር በኋላ ላይሰማው ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሰርኪዩቱን በሁሉም በኩል በብረት መሸፈን፣ ብረቱን በሽቦ ከሰርኪዩቱ ጋር ማሰር። ብረቱ ከውጭ የሚመጣውን የመብራት ጩኸት ተቀብሎ ያስቀረዋል። እንዲህ ያለ ሣጥን የሚሸጥ ሰው ከተማውን ዞሬ አጣሁ። ማሠራት ነበረብኝ።

በያጁን የጠቆመችኝ እናቴ ናት። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ምድር ባቡር ሠርቷል፤ በዚያን ጊዜ ሃያብለ ከቆርቆሮ በተሠራ ዳስ ውስጥ በርና መስኮት ይበይድ ነበር። የምፈልገውን መጠን በእጄ አሳየሁት።

"ይቺን? ለርግብ ነው?" አለኝ።

"ለአባቴ ጆሮ ነው" አልኩትና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሲሰማ ቆየ። ከዚያ ከዳሱ ጀርባ የተጣለ አሮጌ ክሊም አሳየኝ፤ ሞተሩ ወጥቶ ልባሱ ብቻ የቀረ። ውጭው ተልጦ ነበር፣ ላሜራው ግን ደህና ነው። "ይሄውልሽ። ቁረጪ" አለኝ።

"እኔ?"

"ተማሪ ነኝ አላልሽም? ሞርሳው ያው። እኔ አጥፋለሁ፣ አንቺ ትቆርጫለሽ። አቦ፣ ደግሞ ጣትሽን እንዳትቆርጪ፤ ለእናትሽ የምመልሰው የለኝም።"

ከዚያ ወዲህ ክፍል የሌለኝ ጠዋት ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሃያብለ እወርድ ነበር። ፀሐይ ሳትከር ነፋሱ ከባሕሩ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ከንፈርሽን ስትልሺው ይጎመዝዛል። ላሜራውን በብረት መጋዝ ስቆርጠው የሚወጣው ጩኸት ፍየሎቹን ሁሉ ከሰፈሩ ያባርራል። እሱ የቆረጥኩትን በሁለት ወፍራም ብረት መካከል አስሮ በመዶሻ ቀስ እያለ ያጥፈዋል፤ እኔ ጠርዙን እሞርዳለሁ። በጣም ያስቸገረኝ ማዳመጫው የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ፣ ከዚያ በክብ ሞረድ እያሰፋሁ፣ እየለካሁ፣ እንደገና እያሰፋሁ ስሠራው ዋልኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ማታ እናቴ ዘይት እየቀባችኝ "በዚህ እጅ ማን ያገባሻል?" ትለኛለች። ሆኖም ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ የምትቀሰቅሰኝ እሷው ነበረች።

ቀትር ላይ ሁሉ ነገር ያበቃል። የጫት መኪናው ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ በያጁ መበየጃውን ከመብራት ይነቅላል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባኮርፍ አይሰማኝም። "ያላለቀ ነገር ነገ ያልቃል፤ ብረት አይሸሽም" ይለኛል። እኔ እሸሻለሁ ብዬ የብረት ብናኙን ከልብሴ እያራገፍኩ እመለሳለሁ።

ሣጥኑ ያለቀ ቀን ያቀፍኩት ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሁለት ክፍል ነበረው፤ ታችኛው መያዣ፣ ላይኛው ክዳን፣ በብሎን የሚታሰሩ። ክዳኑ ሲገጥም በመሀል ጥፍር አያስገባም። በያጁ ራሱ አገላብጦ አይቶ "ማሻአላህ" አለ። የቀረው ቀለም ነበር።

ጂቡቲ የኖረ ሰው ብረት አይቶ ሳይቀባ አያድርም። ባሕሩ ይበላዋል። ዛሬ የሚያብለጨልጭ ላሜራ ሳምንት ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል፤ የበር ማጠፊያው፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የመርፌ ጫፍ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ ሁላችንም ሳናስብ እንቀባለን። በያጁ ከወደብ ያገኘው የመርከብ ቀለም ነበረው፤ ግራጫ፣ እንደ ማር የወፈረ፣ ሽታው ራስ የሚያዞር። ውጭውን ቀባነው። ውስጡን ቀባነው። ጠርዙን፣ ማጠፊያውን፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ ዙሪያ ሳይቀር ቀባነው። ሲደርቅ ደገምነው። ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድም ነገር እንዳይቀር ጎንበስ ብዬ በብርሃን እያየሁ ነበር የምቀባው።

ቅድም ከፊት ለፊት ያለው ሠራተኛ የበሩን ማጠፊያ ውስጡን ሲቀባ አይቼ "እሱን ተወው!" ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ለበር ምን ችግር አለው።

ቀለሙ ሲደርቅ ሰርኪዩቱን አስገባሁ፣ ሽቦውን ታችኛው መያዣ ላይ አሰርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። እዚያው በያጁ ዳስ ውስጥ መብራት ላይ ሰካሁትና ማዳመጫውን አደረግሁ።

ንቦቹ እዚያው ናቸው። ትንሽ ቀንሰዋል፣ ግን አሉ።

እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ሞረድ! ምናልባት ብሎኑ ላልቶ ይሆናል ብዬ ካቻቢቴውን አነሣሁና በንዴት ሳጠብቀው አመለጠኝ። ክዳኑ ላይ ከዳር እስከ መሀል ረጅም ጭረት አወጣበት። በያጁ "ቀለሙን!" ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ድምፁን የሰማሁት በማላውቀው ጸጥታ ውስጥ ነው። ንቦቹ የሉም። ካቻቢቴው በብሎኑ ራስና በጭረቱ ላይ ጋደም ብሏል። አነሣሁት፤ ንቦቹ መጡ። መልሼ አጋደምኩት፤ ጸጥ አለ።

ሁለታችንም የቀባነውን አሰብኩ። ክዳኑና መያዣው ጥፍር በማያስገባ ሁኔታ ተገጣጥመዋል፤ ግን አልተነካኩም። በመካከላቸው ሁለት ዙር የመርከብ ቀለም አለ። ክዳኑ ብቻውን የተንሳፈፈ ብረት ነበር፤ ካቻቢቴው ነው በብሎኑ በኩል ከመያዣው ጋር ያገናኘው።

"ልፍቀው ነው" አልኩ።

"ምኑን?"

"ቀለሙን። የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ።"

"አብደሻል እንዴ?" አለኝ። እውነተኛ ድንጋጤ ነበር የደነገጠው። "ባዶውን ከተውሽው፣ ወላሂ፣ ዓመት አይቆይም! ዝገት ይበላዋል። ከኔ ቤት የወጣ ሥራ ነው፤ ሰው አይቶ ምን ይለኛል?"

"ይብላው!" ብዬ ጮህኩበት። "እኔ የምፈልገው ለአንድ ካሴት ነው!"

ከመደርደሪያው የብርጭቆ ወረቀት አወረደ፤ ለሁለት ቀደደውና አንዱን ሰጠኝ፣ አንዱን ራሱ ያዘ። መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያን የሚያምር ቀለም ፋቅነው። ከመያዣው ጠርዝ፣ ከክዳኑ ውስጥ፣ ከብሎኖቹ ሥር ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ፋቅን። የጫቱ መኪና ጡሩምባውን እያሰማ አለፈ። በያጁ አልተነሣም። ጡሩምባውን እንዳላስታውሰው ቀና ብዬም አላየሁት።

አባቴ የሰማው ዓርብ ዕለት ነው፣ ከጁምዓ ሲመለስ። ነጭ ለብሶ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሣጥኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ቆቡን አውልቆ ማዳመጫውን ራሱ ላይ ሳስተካክልለት እንደ ሕፃን ዝም አለልኝ። ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ ቴፑ ውስጥ የከተተው ግን ራሱ ነው፤ ለእኔ አልሰጠኝም። መስኮቱን ዘጋን፣ ቬንቲሌተሩን አጠፋን። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ድምፁን ቀስ በቀስ ጨመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ። በቃ ማለቱ ነው።

ለእኔ የሚሰማኝ የቴፑ መሽከርከር ብቻ ነበር። ፊቱ ላይ ምንም የለም። አልሆነም፣ አልሆነም እያልኩ ስፈራ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መለሰላት።

መለሰላት ስልሽ፣ ጮኸ! ጆሮው ተሸፍኗል፤ የራሱ ድምፅ አይሰማውም። እንዳይሰማበት ብሎ ያን ሁሉ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ሸሽጎ የያዘውን የእናትና ልጅ ጨዋታ አሁን በሙሉ ድምፁ፣ በሐረሪኛ፣ ካርቲዬ ዱ ላይ ለቀቀው። ዝም ይላል፤ እሷ ታወራለች ማለት ነው። ከዚያ ይጮኻል። እንደገና ዝም ይላል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይጮኻል። እናቴ "ያ ረቢ" ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። እንሳቅ እናልቅስ አላወቅንም። ቀስ እንዲል ልነካው እጄን ስዘረጋ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይው" አለችኝ። "ይጩህ።"

ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ቆማ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። ምን እያለ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እሷ የምትለውን እኔም አልሰማም" አለችኝ። "እሱ ግን ልጆቹ ደህና ናቸው ይላል። አዎ፣ እበላለሁ ይላል።" ጆሮዋን ወደ ሳንቃው አዘነበለች። "ጉልበትሽን በዘይት አሺው፣ ውሃ ራስሽ አትቅጂ ይላል።" የሞተች ሴት ጉልበት! ድምፁ እንደገና ሲመጣ ፊቷ ተለወጠ። "ለአረፋ እመጣለሁ፣ ሳልመጣ አልቀርም አላት" አለችኝና ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

ቀና ስል በየደጃፉ ሰው ቆሟል። የሚናገር ግን የለም። ማዶ ያለ አንድ ሰው ሬዲዮውን ሲያጠፋ ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላው። በእኩለ ቀን ያ ሰፈር እንዲህ ጸጥ ሲል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ስመለስ ካሴቱ አልቆ ቆሟል። አባቴ ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ ይዞታል። ፊቱ ርሷል፤ ግን ከመርዶው ወዲህ እንዲያ ተረጋግቶ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወደ እኔ ዞረና እጄን ያዘኝ፤ ማውራትም ጀመረ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ሲያወራ ይጮኽ ነበር፤ ያኔ ግን ሳንቃውን በማያልፍ ዝግ ያለ ድምፅ ነው ያወራኝ። አጭር ነገር አልነበረም። መሀል ላይ አንዴ ፈገግ አለ፤ አንዴ ደግሞ ድምፁ ሊቆረጥ ብሎ እንደገና ያዘው። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

የሚያወራኝ በሐረሪኛ ነበር።

አንድም ቃል አልገባኝም። ከእናቱ ቤት ገና አልወጣም፤ ቋንቋውን አለመለወጡን አላወቀም። "አባ፣ በአማርኛ ንገረኝ" ማለት እችል ነበር። ግን እንዲሰማኝ ጆሮው ላይ መጮህ ይኖርብኛል፤ ያን ጊዜ ማንም ጆሮው ላይ እንዲጮኽበት አልፈለግሁም። ተናግሮ ሲጨርስ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

በዓይኑ እንዲያየኝ ራሴን ነቅንቄ "እሺ፣ አባ" አልኩት።

እጄን አንዴ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ደስ ብሎት ነበር፤ የነገረኝን የተቀበልኩት መስሎታል። ሁለተኛ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ካደግሁ፣ ከወለድኩ በኋላ ሐረሪኛ ተምሬያለሁ። ከዚያችው ጎረቤታችን ነው የተማርኩት፤ አሁን ገበያ ወጥቼ የምከራከርበት ያህል አለኝ። ግን ምን ያደርግልኛል? ያን ዕለት የማላውቀው ቋንቋ ስለነበረ ቃሎቹን አልያዝኳቸውም። ድምፁን ይዣለሁ፤ የት ጋ እንደቆመ፣ የት ጋ ፈገግ እንዳለ ይዣለሁ። አሁን ቢነግረኝ ሁሉም ይገባኝ ነበር።